«ከልጅነቴ ጀምሮ ነው» ያልከው ቃል

ከአንባቢ የደረሰን ደብዳቤ፦

«ዕድሜዬ 27 ነው። በዲቪ ዕድል አሜሪካ መጥቼ የምድር ጦሩን ተቀላቀልኩ። ዜግነቴንም ያገኘሁት በውትድርና አገልግሎቴ ነው። አሁን አራት ዓመት ከሰባት ወር ሆኖኛል። ኩዌት ዘጠኝ ወር ቆይቼ ከተመለስኩ በኋላ ሳልና የትንፋሽ ማጠር አልለቅ ስላለኝ ስመረመር አስም ነው ተባልኩ። በየቀኑ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ታዞልኛል። የሁለት ማይሉን ሩጫ መጨረስ አልቻልኩም። ጉዳዬ ወደ ሕክምና ቦርድ ተመርቷል።

ሐኪሙ በልጅነቴ የመተንፈስ ችግር ነበረብኝ እንደሆነ ሲጠይቀኝ ‹አዎን፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አስም ነበረብኝ› አልኩት። እናቴ እስከ ሰባት ስምንት ዓመቴ ድረስ ብርድ እየመታኝ ሌሊት ሌሊት ያፍነኝ እንደነበር ትነግረኝ ስለነበር ነው። ከዚያ በኋላ የኖረብኝ ነገር የለም፤ በትምህርት ቤት እሮጥ ነበር። ሐኪሙ ግን ‹ከአገልግሎት በፊት የነበረ› ብሎ ጻፈብኝ። ስቀጠር ቅጹ ላይ ‹የለብኝም› ብዬ ሞልቻለሁ። መልማዩ ‹ወረቀት ከሌለህ የለብኝም በል› ብሎኝ ነበር።

አንድ ጓደኛዬ ‹ተመለስና ተሳስቼ ነው፣ በልጅነቴ ምንም አልነበረብኝም በለው› ይለኛል። አጎቴ ደግሞ ‹የሰጡህን ፈርመህ በሰላም ውጣ፣ ከመንግሥት ጋር አትካሰስ› ይላል። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። ባዶ እጄን ያሰናብቱኝ ይሆን? አጭበርብረሃል ብለው ዜግነቴን ይወስዱብኝ ይሆን? ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።»

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለሐኪሙ የሰጠኸው መልስ ላይ ስደርስ ሁለቱንም ጊዜ ቆም ብያለሁ። የምመክርህ ነገር ሁሉ የሚነሳው ከዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሷን ከማንሳቴ በፊት ግን ስለ ሁለቱ መካሪዎችህ ልናገር።

ጓደኛህ ያለህን አታድርግ። አንድ ጊዜ «ነበረብኝ» ብለህ በሳምንቱ «ምንም አልነበረብኝም» ብትል፣ ከዚያ በኋላ ስለ ኩዌት አቧራም ሆነ ስለ ሌሊት ሳልህ የምትናገረውን ማንም አያምንህም። በዚህ ጉዳይ ላይ ከሐኪም ወረቀት ቀጥሎ ያለህ ትልቁ ሀብት ታማኝነትህ ነው። አጎትህም ቢሆኑ ክፉ አልመከሩህም፤ እሳቸው ባደጉበት ዘመን ከመንግሥት ጋር የተከራከረ ሰው ምን እንደሚደርስበት አይተዋል። አንተ ያለህበት ሥርዓት ግን ክርክሩን ራሱ ሕግ አድርጎ አስቀምጦታል። በጦሩ የጉዳት ስንብት ሕግ መሠረት አንድ ወታደር ከጠየቀ ሙሉና ፍትሐዊ ችሎት ሳይሰማው በአካል ጉዳት ምክንያት ጡረታ ሊወጣ ወይም ሊሰናበት አይችልም። ይህን መጠየቅ አመፅ አይደለም፤ ማንም በክፉ ዓይን ሊያይህ አይገባም።

አሁን ወደ ቃልህ ልመለስ።

በሕክምና አስተርጓሚነት በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። የእኛ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ የቤቱን ቃል ወደ ሐኪሙ ቃል ራሱ ይለውጠዋል። እናት «ብርድ መታው» ስትል ጉንፋንም፣ የሳንባ ምችም፣ የደረት ውጋትም፣ የአለርጂ ሳልም ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ አንዲት እናት «ልጄን ያፍነዋል» ሲሉ፣ አብሯቸው የመጣው ትልቁ ልጅ ፈጥኖ «አስም አለበት» ብሎ ተረጎመ። ሐኪሟ ጻፈች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ያ ቃል በመዝገቡ ላይ የቀድሞ በሽታ ሆኖ ተገኘ፤ ልጁ በአስም ተመርምሮ አያውቅም ነበር። አንተም ያደረግኸው ይህንኑ ነው። እናትህ አስም አላሉህም። ያሉህ ብርድና ማፈን ነው። አስም ያልከው አንተ ነህ፤ ያውም አሁን አስም እንዳለብህ ከተነገረህ በኋላ። ሰው የዛሬ ሕመሙን ስም ወደ ኋላ ወስዶ ለትናንት ትዝታው ሲሰጠው ውሸታም አይባልም፤ ሁላችንም የምናደርገው ነው። የቦርዱ ሐኪም ግን ይህን ሊያውቅ አይችልም። ካልነገርከው ከቃልህ ውጭ ምንም የለውም።

ስለዚህ የምታደርገው ቃልህን መካድ ሳይሆን በልኩ ማስቀመጥ ነው። የምታውቀውን ከሰማኸው ለይ። «በሕፃንነቴ አስም እንዳለብኝ የነገረኝ ሐኪም የለም። እናቴ እስከ ስምንት ዓመቴ ገደማ ሌሊት ትንፋሽ ያጥረኝ እንደነበር ነግራኛለች፤ እኔ አላስታውሰውም። ከዚያ በኋላ እስከ ኩዌት ድረስ ምልክቱ ታይቶብኝ አያውቅም።» ይህ እውነት ከሆነ፣ ከደብዳቤህም እንደተረዳሁት እውነት ነው፣ እንዲሁ ብለህ ጻፈው። አንዲት ቃል አትጨምርበት፤ አትቀንስም።

ሕጉ ምን ይላል? ከሁሉ በፊት ልትይዘው የሚገባህ ይህ ነው፤ «ከአገልግሎት በፊት የነበረ» የሚለው ጽሑፍ የነገሩ መጨረሻ አይደለም። ብዙ ወታደር እዚያች መስመር ላይ ሲደርስ ልቡ ይሰበርና ይፈርማል። ሕጉ ግን ወታደሩ ሲገባ ጤነኛ ነበር ከሚል የሕግ ግምት ይነሳል። በመግቢያ ምርመራህ ላይ ጉድለት ሆኖ ያልተመዘገበ በሽታ ሁሉ በአገልግሎት ላይ እንደመጣ ይቆጠራል። ይህን ግምት ለማፍረስ መንግሥት ሁለት ነገር ማስረዳት አለበት፤ በሽታው ከቅጥር በፊት እንደነበረና አገልግሎቱም እንዳላባባሰው። ሁለቱንም በግልጽና በማያሻማ ማስረጃ። አንዱን ብቻ ማስረዳት አይበቃም። የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 የአርበኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን፣ ማለትም ቪኤን፣ በሚመለከት ይህን በግልጽ አስቀምጦታል። ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ላገለገለ ወታደር በጦሩ የጉዳት ሕግም ውስጥ ይኸው መለኪያ አለ። አንተ አራት ዓመት ከሰባት ወር አገልግለሃል።

እስኪ ይህን በአንተ ላይ እናስቀምጠው። በሽታው ከቅጥርህ በፊት ለመኖሩ ያለው ማስረጃ ምንድን ነው? አንተ ከእናትህ ሰምተህ ያስተላለፍከው አንድ ዓረፍተ ነገር። የሆስፒታል ካርድ የለም፤ የመድኃኒት ትእዛዝ የለም፤ የትንፋሽ ምርመራ ውጤት የለም። አገልግሎቱ አላባባሰውም የሚለውስ? ሩጫህን ጨርሰህ እያለፍክ ወደ ኩዌት የሄድክ ሰው ተመልሰህ መጨረስ አቅቶሃል። ይህን «ግልጽና የማያሻማ» ብሎ ለመጥራት የሚደፍር ቦርድ ካለ፣ ችሎት ጠይቀህ ልትሞግተው ይገባሃል።

ሌላም ሕግ አለ፤ አንድ ሰው እንኳ ሳያውቀው ባይቀር ደስ ይለኛል። የጦር ኃይሎች ሕግ በ10ኛው ርዕስ አንቀጽ 1219 ላይ፣ ማንኛውም ወታደር ያለበት በሽታ ወይም ጉዳት ከየት እንደመጣ ወይም እንዴት እንደተባባሰ የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲፈርም ሊገደድ እንደማይችል ይደነግጋል። ጥቅሙን የሚጎዳ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ፈርሞ ቢገኝም ጽሑፉ ዋጋ የለውም ይላል። ይህ ሕግ የተጻፈው ለአንተ ዓይነቱ ሰው ነው፤ ታሞ፣ ደክሞ፣ አለቃው ፊት ቆሞ «እዚህ ጋ ፈርም» ለሚባል ወታደር። ቪኤም በበኩሉ ተመሳሳይ ደንብ አለው። የቀጠሮ ማስታወሻና የደረሰኝ ወረቀት መፈረም ሌላ ነገር ነው፤ እነዚያን ፈርም። «በሽታዬ ከቅጥር በፊት ጀምሮ የነበረ ነው» የሚል ወረቀት ቢቀርብልህ ግን በትሕትና «ከጠበቃዬ ጋር ሳልነጋገር አልፈርምም» በል። ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ የመስጠት ግዴታ የለብህም።

ስለ ቅጹ ደግሞ እውነቱን እነግርሃለሁ፤ «የለብኝም» ብለህ መሙላትህ ትክክል አልነበረም። ቅጹ የሚጠይቀው ወረቀት እንዳለህ አይደለም፤ ነበረብህ ወይ ብሎ ነው። የሚያሳዝነኝ ግን ያ መልስ ምንም እንዳልጠቀመህ ሳስብ ነው። የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ የቅጥር ጤና መስፈርት ቅጥርን የሚከለክለው ከ13ኛው የልደት ቀን በኋላ የነበረ አስም ነው። የአንተ ነገር፣ አስም እንኳ ቢሆን፣ በስምንት ዓመትህ አካባቢ አብቅቷል። እውነቱን ብትናገር በዚህ ምክንያት አትመለስም ነበር። ከዚህም በላይ፣ በቪኤ ደንብ መሠረት ወታደሩ በመግቢያ ምርመራ ላይ «ልጅ እያለሁ ነበረብኝ» ብሎ የተናገረው ታሪክ ብቻውን በምርመራ የተመዘገበ ጉድለት ተደርጎ አይቆጠርም። «አዎን» ብትል ኖሮ የጤነኝነቱ ግምት ባልተነካብህ ነበር። መልማዩ ለራሱ ሥራ ማቃለያ የተናገረው ቃል ለዓመታት የልብ ምች ሆኖብሃል።

በማጭበርበር መቀጠር የሚባለው ክስ ደግሞ መጀመሪያ የሚመዘነው የተደበቀው ነገር ቢታወቅ ኖሮ ቅጥሩን ሊያስቀር ይችል ነበር ወይ በሚለው ነው። ከላይ ያልኩህ የ13 ዓመት መስመር እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም ስለ ቅጹና ስለ መልማዩ ከጠበቃህ በፊት ለማንም አትናገር፤ ለክፍል አለቃህም ሆነ ለቦርዱ አስተባባሪ። ይህን የምልህ እውነቱን ደብቅ ብዬ አይደለም። የሚያስጠይቅ ነገር ሊኖርበት በሚችል ጉዳይ ላይ ቃልህን በመጀመሪያ የሚሰማው ሚስጥርህን እንዲጠብቅ በሕግ የታሰረ ሰው ይሁን ብዬ ነው። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ይህን ክፍል በእኔ ቃል አትወስን።

ጠበቃው ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅህም። ጦሩ ለሕክምና ቦርድ ጉዳዮች የተመደቡ የወታደሮች ጠበቆች ቢሮ አለው፤ ሥራቸው ከቦርዱ ፊት ለአንተ መቆም ነው። «ፔብሎ» የሚባለው አስተባባሪ ሂደቱን ያስረዳሃል፣ ቀጠሮህን ይከታተላል፤ ነገር ግን ጠበቃህ አይደለም። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን ያምታታል። ደግ አስተባባሪ ሲገጥመው ሁሉን ይነግረውና ጠበቃውን ይረሳል።

ሂደቱን ባጭሩ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2007 በሙከራ የተጀመረው የተቀናጀ የጉዳት ምዘና ሥርዓት ጦሩንና ቪኤን አንድ ላይ አሠልፏል፤ አንድ ምርመራ ለሁለቱም ያገለግላል። የመጀመሪያው ቦርድ የሐኪሞች ነው፤ ታሪክህን በጽሑፍ ያጠቃልላል፤ በአገልግሎት ለመቆየት የሚያስፈልገውን የጤና መስፈርት ታሟላ እንደሆነም ይወስናል። ሁለተኛው ቦርድ ለአገልግሎት ብቁ ነህ ወይስ አይደለህም፣ ካልሆንክስ ጉዳትህ ከአገልግሎቱ ጋር ይያያዛል ወይ የሚለውን ይፈርዳል። የጉዳትህን መጠን በመቶኛ የሚያወጣው ቪኤ ነው።

ዓይንህን የምታሳርፍበት ቦታ የመጀመሪያው ቦርድ የሐኪሞች ማጠቃለያ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሁሉ እሱን እያነበበ ነው የሚፈርደው። ማጠቃለያው ሲደርስህ ከቦርዱ ውጭ የሆነ ገለልተኛ ሐኪም እንዲመለከትልህ የመጠየቅና መቃወሚያ የመጻፍ መብት አለህ። ለዚህ የሚሰጥህ ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ነው፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቀን ዕለቱን መዝግበው። ያቺ «ከልጅነቴ ጀምሮ» የምትል ዓረፍተ ነገር መታረም ያለባት እዚያ ነው። ወደ ሁለተኛው ቦርድ ከተሻገረች በኋላም እሷን ማረም ይቻላል፣ ነገር ግን አቀበት ትሆንብሃለች።

ማስረጃህን እስከዚያ ሰብስብ። ሰው ሁሉ የሐኪም ወረቀት ብቻ ያስባል፤ ለአንተ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የሩጫ ሰዓትህ ነው። ከቅጥርህ ጀምሮ ያሉትን የአካል ብቃት ፈተና ውጤቶችህን በሙሉ ጠይቀህ አውጣ። ሁለት ማይል በስንት ደቂቃ ትሮጥ እንደነበር ከኩዌት በፊትና በኋላ ጎን ለጎን ሲቀመጥ፣ ስለ ሳንባህ የሚናገረውን ማንም ሐኪም አያስተባብለውም። በልጅነቱ የጀመረ አስም ሳይላቀቀው የኖረ ሰው መሠረታዊ ሥልጠናውን እንዴት በዚያ ሰዓት እየሮጠ ጨረሰ? መቃወሚያህ ውስጥ ይህን ጥያቄ ለቦርዱ አቅርብለት። ከዚህ ጋር የመግቢያ ምርመራህን ቅጂ፣ ከሥምሪት መልስ የሞላኸውን የጤና መጠይቅ፣ የትንፋሽ ምርመራ ውጤቶችህን ያዝ። አብረውህ ኩዌት የነበሩ ሁለት ወይም ሦስት ወታደሮች ያዩትን ይጻፉልህ፤ መቼ ማሳል እንደጀመርክ፣ አቧራ ሲነሳ ምን ትሆን እንደነበር። ያላዩትን እንዳይጽፉ ንገራቸው።

ቦርዱ ሊመልስልህ የሚችለው አንድ ጠንካራ ነገር አለ፤ «የተባባሰው በሽታው በራሱ ተፈጥሯዊ ሂደት ነው» ሊል ይችላል። በመባባስ ክርክር ውስጥ ዋናው ትግል ያለው እዚህ ነው። ለዚህ የሚመልስልህ የሳንባ ስፔሻሊስት ነው። ስትጠይቀው «ደብዳቤ ጻፍልኝ» ብቻ አትበለው፤ ጥያቄህን ግልጽ አድርግ። ከስምንት ዓመት ዕድሜ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ምንም ምልክት ያልታየበት ሰው ለዘጠኝ ወር ለአቧራና ለጭስ ከተጋለጠ በኋላ የያዘው ሕመም በተፈጥሮ ሂደት ብቻ የሚገለጽ ነው ወይ? መልሱን ከነምክንያቱ ይጻፍልህ። ምክንያት የሌለው የሐኪም ድምዳሜ ቦርድ ፊት ብዙም አይመዝንም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 2022 የጸደቀው የፓክት ሕግም የጭስና የአቧራን ነገር ከቁም ነገር ቆጥሮታል፤ ኩዌትን ጨምሮ በዚያ አካባቢ ላገለገሉ ሰዎች ከአገልግሎት በኋላ የታወቀ አስምን ከአገልግሎቱ ጋር የተያያዘ አድርጎ ይገምታል። የአንተ አስም የታወቀው ገና በአገልግሎት ላይ እያለህ ስለሆነ በመዝገብህ ላይ ነው የምትቆመው፤ ቢሆንም ሕጉ መኖሩን ሐኪምህም ጠበቃህም ያንሱት።

ስለ ገንዘቡ። ለአገልግሎት ብቁ ያላደረገህ ጉዳት 30 በመቶና ከዚያ በላይ ከተገመተ በሕክምና ጡረታ ትወጣለህ። ከዚያ በታች ከሆነ የስንብት ክፍያ ተሰጥቶህ ትሰናበታለህ። ከአገልግሎት በፊት የነበረና ያልተባባሰ ከተባለ ደግሞ ከጦሩ የምታገኘው የጉዳት ጥቅም የለም፤ የአጎትህ «ፈርመህ ውጣ» የሚያደርስህ እዚህ ነው። የስንብት ክፍያው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የሁለት ወር መሠረታዊ ደመወዝ ነው። ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የሆነ ቁራጭ እንደ ሙሉ ዓመት ስለሚቆጠር፣ አራት ዓመት ከሰባት ወርህ አምስት ይሆንና የአሥር ወር ደመወዝ ማለት ነው። ጉዳቱ በውጊያ ቀጠና የደረሰ ከተባለ ስሌቱ ከስድስት ዓመት አያንስም። በሕክምና ጡረታና በስንብት ክፍያ መካከል ያለው ልዩነት ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም። ጡረተኛው ከነቤተሰቡ ትራይኬር በሚባለው የጤና መድን ውስጥ ይቀጥላል። ሊወለድ ላለው ልጅህ ይህ ከብዙ ወር ደመወዝ ይበልጣል።

አንተ በየትኛው ወገን እንደምትወድቅ የሚወስነው ደግሞ ምናልባት የመድኃኒት ቤት መዝገብ ሊሆን ይችላል። ቪኤ በሚጠቀምበት ሠንጠረዥ አልፎ አልፎ የሚሳብ መድኃኒት የሚያስፈልገው አስም 10 በመቶ ነው፤ በየቀኑ የሚያስፈልገው 30 በመቶ። ሐኪም በየቀኑ ብሎ አዞልህ፣ አንተ ግን ሰልፉ ሰልችቶህ መድኃኒቱን በሦስት ወር አንድ ጊዜ ብቻ ብታወጣ፣ መዝገቡ በየቀኑ አይወስድም ይላል። የታዘዘልህን እንደታዘዘው ውሰድ፣ በጊዜውም አስሞላ። ይህን ለመቶኛው ስትል አታድርገው፤ ሳንባህን የሚጠብቀው እሱ ስለሆነ ነው። የማያስፈልግህን መድኃኒት ለቁጥር ስትል መውሰድም አይገባም። የሌሊት ሳልህንና የጠዋት ትንፋሽህን ከነቀኑ በማስታወሻ ያዝ፤ ለሐኪምህም ይጠቅመዋል።

የጦሩ ቦርድ የሚቆጥረው ለአገልግሎት ብቁ ያላደረገህን ጉዳት ብቻ ነው። ቪኤ ግን ከአገልግሎቱ ጋር የተያያዘውን ሁሉ ይመለከታል። ጉልበትህ፣ ጆሮህ፣ እንቅልፍህ፣ ጭንቀትህ፣ በአገልግሎት ላይ የመጣ ነገር ካለ በማመልከቻህ ውስጥ ይግባ። የጦሩ ቦርድ «ከአገልግሎት በፊት የነበረ» ብሎ ቢፈርድብህ እንኳ ቪኤ የራሱን ውሳኔ ይሰጣል፤ በጦሩ ድምዳሜ አይታሰርም። ከወጣህ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ካመለከትክ ክፍያው ከተሰናበትክበት ማግሥት ጀምሮ ይታሰባል፤ ያን ዓመት አታሳልፈው። የአካል ጉዳተኛ አርበኞች ማኅበርንና የአሜሪካን ሊጅንን የመሰሉ ድርጅቶች ማመልከቻውን ያለ ክፍያ ያዘጋጁልሃል። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ገንዘብ ክፈል የሚልህን ሰው ሕጉም አይፈቅድለትም፤ ሽሽ።

ዜግነትህ ከዚህ ጋር አልተነካም። በውትድርና የተገኘ ዜግነት በስንብት ምክንያት ሊነሳ የሚችለው ሰውየው በክብር አምስት ዓመት ሳያገለግል ክብር በሌለው ሁኔታ ሲሰናበት ነው። የሕክምና ስንብት በራሱ እንዲህ ያለ ስንብት አይደለም። አምስቱን ዓመት ገና ስላልሞላህ ግን በዚህ ሰሞን ከሥነ ሥርዓት ጉድለት ሁሉ ራስህን ጠብቅ። ሰዓትህን አክብር፣ ቀጠሮህን አታስተጓጉል። ስለ ቅጹ ከጠበቃህ ጋር ስትነጋገርም ይህን የዜግነት ጥያቄ አብረህ አንሳለት፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳህን ነገር ጠበቃህ ሳያውቀው መቅረት የለበትም። ለባለቤትህም ንገራት። ከደብዳቤህ አብራህ እንደምትጨነቅ እንጂ ዝርዝሩን እንደምታውቅ አልገባኝም። ነፍሰ ጡር ናት ብለህ ብትደብቃት፣ ዝምታህን ከዚህ ለከፋ ነገር ትተረጉመዋለች።

የመጨረሻው እናትህ ናቸው። የእሳቸው የምስክርነት ቃል ያስፈልግሃል፤ በልጅነትህ ያዩህ እሳቸው ብቻ ናቸው። በአማርኛ ይናገሩ፣ በአማርኛ ይጻፍ፣ ከዚያ ትርጉሙ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። አንተ አትተርጉመው። ስትደውልላቸው «አስም ነበረብኝ አይደል?» ብለህ አትጠይቃቸው፤ እናት ናቸውና ልጃቸውን የሚጠቅም የመሰላቸውን ሁሉ «አዎን» ይላሉ። ጉዳዩንም ከመጠየቅህ በፊት አታስረዳቸው። ሌሊት ሲያፍነኝ ምን ታደርጊ ነበር? ማን ጋ ወሰድሽኝ? በስንት ዓመቴ ተወኝ? ከዚያ በኋላስ ስሮጥ አይተሽኝ ታውቂያለሽ? ብለህ ጠይቃቸው፤ የሚሉህንም በራሳቸው ቃል፣ ብርድ ካሉ ብርድ፣ ማፈን ካሉ ማፈን ብለህ ጻፍ።